ጀላቲዬ ለምን ድንጋይ ሆነ? የመጋቢት ጥያቄዎቻችሁ

መጋቢት ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጾሙም ገና አልተፈታም። የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁም ዞረው ዞረው እዚያው ናቸው፦ ምን ቀዝቃዛ ነገር እንቅመስ፣ ሙቀቱንስ እንዴት እንቻለው?

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ማንጎ ፈጭቼ፣ ውሃ ጨምሬ ፍሪዘር ውስጥ አስገባሁት። የወጣው ግን ጥርስ የሚሰብር በረዶ ነው። ምን አጠፋሁ? (ከአያት)

መልስ፦ ውሃ አበዛሽ፣ ስኳር አሳነስሽ። ባዶ ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ ድርቅ ብሎ ይረጋል። ስኳር ሲገባበት ግን ቶሎ እጅ አይሰጥም፤ ከዜሮ በታች ወርዶም የተወሰነው ፈሳሽ ሳይረጋ ይቀራል። ማንኪያ እንዲገባ የሚያደርገው እሱ ነው። ታዲያ ከመጠን በላይ ካስገባሽ ደግሞ ጭራሽ አይረጋም። መለኪያው ምላስሽ ነው። ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት ስትቀምሺው “ትንሽ ጣፈጠ” የሚያሰኝ ከሆነ ልክ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ ስለሚደበዝዝ።

ሁለተኛው ነገር ማማሰል ነው። በየግማሽ ሰዓቱ አውጥተሽ በሹካ ከዳር ወደ መሃል ፈቅፍቂው። የበረዶው ቅንጣት ተያይዞ እንዳያድግ ነው። ይሄ ሁሉ ጣጣ ከሰለቸሽ ሙዝ አለልሽ። ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ የጀመረውን የአርባ ምንጭ ሙዝ ላጪና ከታትፈሽ አሳድሪው፤ ጠዋት ከማንጎው ጋር በጁስ መፍጫ ምቺው። መጀመሪያ ይፈረካከስና ተስፋ ያስቆርጣል። ታገሺው፤ ሁለቴ ሦስቴ በማንኪያ ስታወርጂው ድንገት ክሬም ይሆናል።

ጥያቄ፦ በጾም የሚበላ አይስክሬም እቤት ይወጣል? ሱፐርማርኬት ያለው ዋጋው አይቀመስም። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይወጣል፣ ያውም ጥሩ አድርጎ። አይስክሬምን ለስላሳ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው የወተቱ ቅባት ነው። ቅባት ደግሞ እኛ ጓዳ መች ጠፋ? አቮካዶ አንዱ ነው። ሎሚ ጠብ ካላደረጋችሁበት ግን ይጠቁራል።

የእኔ ምርጫ ሱፍ ነው። ለፍትፍት እንደምታዘጋጁት ቀቅሉት፣ አጠንፍፉት፣ ፍጩት፣ በለብታ ውሃ በጥብጡና በንጹህ ስስ ጨርቅ አጥልሉት። ውሃው ግን ለፍትፍት ከሚሆነው ይነስ፤ ወፈር ያለ ነጭ ወተት የመሰለ ነገር ነው የምንፈልገው። ለሁለት ብርጭቆ የሱፍ ወተት ሁለት የበሰለ ሙዝ፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው፣ ከወደዳችሁ የተፈጨ ሄል። አንድ ላይ ምቱና ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ፤ እየወጣ ይማሰላል። ከመቅረቡ በፊት አሥር ደቂቃ ውጭ ይቆይ። አደራ፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት በተፈጨበት ብሌንደር አይሆንም። ያንን ሽታ ፍሪዘርም አያጠፋውም።

ጥያቄ፦ አማቴ “ልጁ ጀላቲ ከበላ ቶንሲል ይይዘዋል” ይላሉ። እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ቅዝቃዜው ቶንሲል አያመጣም። የሚያመጡት ቫይረስና ባክቴሪያ ናቸው። እንዲያውም ጉሮሮው ለታመመ ልጅ ቀዝቃዛ ነገር ሕመሙን ያስታግስለታል። ግን እማማን ቶሎ አትሟገቻቸው፤ ፍርሃታቸው በሌላ በኩል ልክ ነው። በረዶ ተሕዋስያንን አይገድልም፣ ያስተኛቸዋል እንጂ። ጀላቲው ከምን ውሃ እንደተሠራ ካላወቅሽ ሆዱን ነው የምትፈሪለት። እቤት ስትሠሪ ውሃውን አፍልተሽ አቀዝቅዢ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ውሃ ገና በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ እዚያ ያላችሁ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ጠብቁት።

ጥያቄ፦ መብራት እየሄደ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ሁሉ ይቀልጥብኛል። (ከሰመራ)

መልስ፦ አትክፈቺው። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ 24። ስለዚህ ባዶውን ቦታ ውሃ በሞሉ ሃይላንዶች ሙዪው። እስከ አፉ ግን አትሙዪ፤ ውሃ ሲረጋ ስለሚያብጥ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ወተት ያለበት አይስክሬም ቀልጦ ከሞቀ መልሶ ማርጋት የለም፤ ይደፋ።

ጥያቄ፦ እኛ ድሮ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ጥላ ሥር እናኖር ነበር። ልጆቼ ይስቁብኛል። እውነት ያቀዘቅዛል ወይስ ልማድ ነው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ያቀዘቅዛል። ከጆንያው የሚተነው ውሃ ሙቀት ይዞ ነው የሚሄደው፤ ያንን ሙቀት ደግሞ ከጀሪካኑ ይወስዳል። የሸክላ እንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘውም፣ ላባችን ገላችንን የሚያበርደውም በዚሁ መንገድ ነው። ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ደረቅ አየርና ነፋስ። ድሬ ሁለቱም አላት። አየሩ ራሱ በእርጥበት በሞላበት የባሕር ዳርቻ አገር ግን የጆንያው ውሃም ላቡም እንደ ልብ አይተንም።

ለልጆችዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፦ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ካለፈ ቬንትሌተር ብቻውን አያበርድም፤ ትኩስ አየር ነው የሚያመጣው። ያኔ ገላን በውሃ ማራስ ነው የሚያዋጣው። የእርስዎ ጆንያ ዘዴ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በዚህ ሙቀት ቡና ይቅር?

መልስ፦ ኧረ አይቅር! ከሰሉን ግን ከቤት አውጡና ጥላ ሥር አፍሉት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዱባይ ግንባታ ላይ ነው የሚሠራው። የዚያ አገር ሙቀት ሳይገባ ምን ልንገረው? (ከደሴ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሕጉን ይወቅ። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 12:30 እስከ 3:00፣ በእነሱ ሰዓት፣ ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ማታ ሃይላንዱን እስከ ግማሽ ሞልቶ በረዶ ያድርገውና ጠዋት ውሃ ጨምሮበት ይውጣ። ጥማት ሳይጠብቅ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል ይጠጣ። ለአገሩ አዲስ ከሆነ ወይም ከእረፍት ከተመለሰ የመጀመሪያው ሳምንት ነው አደገኛው፤ ሰውነት ሙቀት እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።

አብሮት የሚሠራ ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተንገዳገደ ወይም ከወደቀ ድካም ነው ብሎ አይለፈው። 998 ደውሎ አምቡላንስ ይጥራ። ሰውየውን ጥላ ውስጥ ያስገባው፣ ልብሱን ያላላለት፣ ውሃ እያፈሰሰ ያራግብለት፣ በረዶ ካለ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ያድርግለት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ውሃ በአፍ አይሰጥም፤ ትን ይለዋል።