መርፌ ለምትፈሪው የግፊት ታካሚ እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ኮዬ ፈጬ ትኖሪያለሽ፤ ግፊትሽ 160/100 ተገኝቶ አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት ክኒን 5 ሚሊግራም ተጀመረልሽ፤ ላብራቶሪ ሲታዘዝልሽ ግን ከዚህ በፊት ደም ስትሰጪ ራስሽን ስተሽ ስለነበር ፈርተሽ ቀረሽ። በዚያው ክኒኑም ቀጠሮውም ቀረ። «ያለ መርፌ መታከም አይቻልም ወይ?» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ግማሾቹ «አይዞሽ፣ አያምም» ብለውሻል፣ የቀሩት ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት አዘውልሻል። አንቺን የጣለሽ ሕመሙ አይደለም፤ ሽፈራውም የክኒኑን ቦታ አይተካም።

የግፊት ክትትል መርፌ የለውም። የሚታከመው በክኒን ነው። መርፌ የሚያስፈልገው ኩላሊት፣ ፖታሲየም (ደም ውስጥ ያለ ማዕድን)፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ለማየት ነው፤ እሱም ሲጀመር አንዴ፣ ነገሩ ከተረጋጋ በኋላ በዓመት አንዴ ገደማ። ኢናላፕሪል ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉት ሌሎች የግፊት ክኒኖች ከተጨመሩልሽ ብቻ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኩላሊትና ፖታሲየም ይደገማል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ሁለቴ ለምትወጊው መርፌ ብለሽ የየቀኑን ክኒን ጥለሻል ማለት ነው።

ራስሽን የሳትሽው ፈሪ ስለሆንሽም አይደለም። መርፌና ደም ሲያዩ የአንዳንድ ሰው ልብ መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በድንገት ልብ ይዘገያል፣ የደም ስሮች ይላላሉ፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ ጭንቅላት ደም ያጥረዋል። ሌላ ፍርሃት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይጥልም። የግፊት ታካሚም ከዚህ አይድንም። ባዶ ሆድ፣ የውኃ ጥማትና የጠዋት ክኒን ሲጨመሩበት ይብሳል።

1. መጀመሪያ ግፊት ይለካ፣ ደም በኋላ። ይህን አጥብቀሽ ያዢ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ቦታ ከካርድ ክፍል በቀጥታ ወደ ላብራቶሪ ይልኩሻል፣ ከዚያ መልስ ይለኩሻል። እየተንቀጠቀጠች የተቀዳች ሴት 170 ብትወጣ የሚገርም አይደለም። ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ አምሎዲፒኑን 10 ያደርገዋል። ቤቷ ስትሄድ ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል፣ ስትነሳ ያዞራታል፣ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብላ ትተወዋለች። የተገላቢጦሹም አለ፤ ልትወድቅ ስትል የተለካችው 95/60 ትወጣና «ግፊትሽ ደህና ነው» ተብላ ትሸኛለች። ሁለቱም ቁጥር የመርፌው ነው፤ የእሷ አይደለም።

ሲለኩሽ ደግሞ እንዲህ ይሁን፦ ከታክሲ ወርደሽ ደረጃ ወጥተሽ እያለከለክሽ አይደለም፤ 5 ደቂቃ ተቀምጠሽ አርፈሽ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም። ሽንትሽን ሽኚ። ጀርባሽ ይደገፍ፣ እግርሽ መሬት ይርገጥ፣ አይነባበር። ክንድሽ በልብሽ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። የሚታሰረው ጨርቅ በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ቆዳ ላይ ነው። ክንድሽ ወፍራም ከሆነ ትልቁን ጠይቂ፤ ጠባቡ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ስትለኪ አታውሪ። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይደገም። «ወረፋ አለ፣ አንዴ ይበቃል» ይሉሻል፤ አይበቃም። በአንድ ልኬት የተጨመረ ክኒን ወር ሙሉ የምትውጪው አንቺ ነሽ።

2. የጠዋቱ ዝግጅት። ስኳር ወይም ኮሌስትሮል በባዶ ሆድ ከታዘዘ 8 ሰዓት ያህል ምግብ አይበላም፤ ውኃ ግን አልተከለከለም። ይህን የሚነግርሽ ጥቂት ሰው ነው፤ ብዙዎች ምራቃቸውን እንኳ ሳይውጡ ይመጡና ይወድቃሉ። ከቤት ሳትወጪ ግማሽ ሊትር ውኃ ጠጪ። ለኩላሊትና ለፖታሲየም ብቻ ከሆነ ባዶ ሆድ አያስፈልግም፤ ቁርስ በልተሽ ሂጂ። የግፊት ክኒን የምትወስጂ ከሆነም ለምርመራ ብለሽ አትዝለይው፣ በውኃ ዋጪው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ደም ስርን ያሸሸዋል፤ ያኔ ሁለት ሦስቴ መወጋት ይመጣል። ጋቢ ደርቢ፣ ክንድሽን አሙቂው። እጅጌው በቀላሉ የሚሰበሰብ ልብስ ልበሺ።

3. ክፍሉ ውስጥ። ገና ስትገቢ፣ መርፌው ሳይወጣ፣ «ደም ስሰጥ ራሴን እስታለሁ፣ ተኝቼ ቅዱኝ» በይ። ይህች ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም ማስታገሻ ትበልጣለች። «ትልቅ ሰው ሆነሽ! ልጅ ወልደሽ መርፌ ትፈሪያለሽ?» የሚል ሞልቷል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም፤ ታካሚ ወንበር ላይ ሳለ ቢወድቅ ተጠያቂው እሱ ነው። አልጋ የለም ካሉሽ ድንገተኛ ክፍል ወይም መርፌ ክፍል አለ፣ እዚያ ይቅዱሽ። ተኝቶ የሚወድቅ የለም።

ከዚያ ጡንቻ ማጥበቅ። የክንድሽን፣ የሆድሽንና የእግርሽን ጡንቻ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ፣ ፊትሽ ሞቅ እስኪልሽ አጥብቂ፤ ከዚያ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ልቀቂ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አትዝለፍለፊ። 5 ጊዜ ይደጋገማል። በዚህ ጊዜ ትንፋሽሽን አትያዢ። ይህ የሚወድቀውን ግፊት ደግፎ ያቆየዋል፤ በስዊድን ለእንዲህ ዓይነት ታካሚዎች ተብሎ የተዘጋጀ ዘዴ ነው፣ ሠርቶም ታይቷል። ቤትሽ አንድ ሳምንት በቀን ሁለት ሦስቴ ተለማመጂው። በቀጠሮው ቀን የሚወጋው ክንድ ብቻ ልል ይሁን፣ የቀረውን አጥብቂ። «ረጋ በይ፣ ሰውነትሽን ፍቺ» የሚሉሽን አትስሚ፤ ለሌላው ፍርሃት ይሠራል፣ ለአንቺ ግን መውደቂያሽን ሊያፋጥነው ይችላል። የዚያን ቀን ግፊትሽ 180/110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ማጥበቁን ተዪው፣ መተኛቱ ብቻ ይብቃሽ።

ሁሉንም ምርመራ በአንድ ውጊያ እንዲቀዱ ጠይቂ፤ አንዴ ደም ስር ከተገኘ ሁለት ሦስት ቲዩብ መሙላት ይቻላል። የሚወሰደው 10 ሚሊሊትር ገደማ ነው፤ ሰውነትሽ ውስጥ ያለው 4 ሊትር ገደማ ነው። ፊትሽን አዙሪ። እጅሽን እየጨበጥሽ እየዘረጋሽ አትደጋግሚ፣ ላስቲኩም ከአንድ ደቂቃ በላይ ታስሮ አይቆይ፤ ፖታሲየሙን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው በእንዲህ ዓይነት ውጤት ሰበብ የሚስማማውን መድኃኒት ሊነጠቅ ይችላል። መርፌው ሲወጣ ጥጡን ክንድሽን ዘርግተሽ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ተጫኚው፤ ማጠፍ ያበልዘዋል። 10 ደቂቃ ተኚ፣ ከዚያ ተቀመጪ፣ ከዚያ ተነሺ። ውጤት ልጠብቅ ብለሽ ቶሎ ወረፋ ላይ አትቁሚ፤ ኮሪደር ላይ የሚወድቅ አለ። ለስኳር ምርመራ ጣት ብቻ የምትወጊ ከሆነ የቀለበት ጣትሽን ጎን ስጪ፤ መሃሉ በጣም ያማል።

ሌላው፣ አንድ አስተያየት ሰጪ «ግፊት ሲወጣ ግል ክሊኒክ ሄደሽ መርፌ ተወጊ፣ ወዲያው ያወርደዋል» ብሎሻል። ይህ ምክር ሰው ይጎዳል። ቁጥሩ 180 ቢሆንም ሌላ ምልክት ከሌለ ግፊት በመርፌ አይጣልም፤ ምላስ ሥር በሚደረግ ኒፊዲፒን በሚባል መድኃኒትም አይጣልም። ከፍ ባለ ግፊት የለመደ ጭንቅላት በድንገት ሲወርድበት ደም ያጥረዋል፣ ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ክኒኑን አስጀምሮ በቀናት ውስጥ እንደገና መለካት ነው። ደረት ላይ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን መድከም፣ የአፍ መጣመም፣ የንግግር መያያዝ፣ የዓይን መጋረድ ወይም መቃዠት ካለ ግን ክሊኒክ መዞር የለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወገብ ሲያምሽ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ አትዋጪ፣ አትወጊ፤ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። እርግዝና የምታስቢ ከሆነ ኢናላፕሪል ሳይጻፍልሽ በፊት ተናገሪ። የተዘጋጀ ሽሮና ሚጥሚጣ ጨው አለበት፣ ወጥ ላይ ደግመሽ አትጨምሪ።

መለኪያ ማሽን ከገዛሽ የክንድ ይሁን፣ የእጅ አንጓ አይደለም፤ ከጎረቤት ጋር ተጋርቶ መግዛትም ይቻላል። ለ7 ቀን ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ ለኪና ጻፊው። የመጀመሪያውን ቀን ትተሽ የቀረውን አማካይ አውጪ፤ ቤት ውስጥ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ነው። ጤና ጣቢያ ስትገቢ የምትፈሪ ሰው ስለሆንሽ የአንቺን ትክክለኛ ግፊት የሚያሳየው ይህ ወረቀት ነው።

አሁን ግን ሰባት ቀኑን አትጠብቂ። የተረፈውን ክኒን ከነማሸጊያው፣ የድሮውንም የላብራቶሪ ወረቀት ይዘሽ በዚህ ሳምንት ሂጂ፤ ተለክተሽ ክኒኑን እንደገና ጀምሪ። «ደሙን በሚቀጥለው ሳምንት ልስጥ» ብትዪ የአብዛኛው ሰው ሕክምና አይቆምም። ክኒኑን ያቆምሽበትን ቀን ግን አትደብቂ፤ «እየወሰድኩ ነው» ካልሽ መድኃኒቱ እንዳልሠራ ተቆጥሮ ሌላ ይጨመርብሻል።