አድቨርቢያል ክሎዝን እንዴት እናስተምር? የላካችኋቸው ጥያቄዎችና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት ስለ አድቨርቢያል ክሎዝ ያልገባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ መጣ፣ ሳነብ ነው ያመሸሁት። እኔ 9ኛና 10ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሳስተምር 17 ዓመት ሆነኝ፣ ማታ ማታ ደግሞ ሥራ ውለው የሚመጡ አዋቂዎችን አስተምራለሁ፣ ክፍል ውስጥ ሲሠራ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ስሙ ለከበዳችሁ፣ ድርጊቱ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ በምን ሁኔታ እንደሆነ የሚነግረን፣ የራሱ ግስ ያለው ግን ብቻውን መቆም የማይችል ክፍል ማለት ነው። «ሲመሽ እንገናኝ» ስትሉ «ሲመሽ» የምትለዋ እሷ ናት።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጆቹ ታይም፣ ሪዝን፣ ፐርፐዝ፣ ኮንሴሽን የሚለውን ቴብል ሸምድደውታል፣ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ስላቸው ዝም ነው። ከየት ልጀምር? (የ9ኛ ክፍል አስተማሪ፣ ደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ ቴብሉን ለጊዜው ዝጋው፣ ወደ መጨረሻ ትመለስበታለህ። እኔ መጀመሪያ ብላክቦርዱ ላይ በአማርኛ አራት ነገር እጽፋለሁ፤ እናቴ ስትመጣ እንበላለን፣ እናቴ ከመጣች እንበላለን፣ እናቴ ስለመጣች በላን፣ እናቴ ብትመጣም አልበላንም። ልዩነቱ ምንድነው ስላቸው ሁሉም እጅ ያወጣል፣ ምክንያቱም ያውቁታል፣ ከሦስት ዓመታቸው ጀምሮ ሲናገሩት ነው የኖሩት። ከዛ በቀይ ጠመኔ ከ«ስትመጣ» ላይ «ስ»ን፣ ከ«ከመጣች» ላይ «ከ»ን፣ ከ«ስለመጣች» ላይ «ስለ»ን፣ ከ«ብትመጣም» ላይ «ብ»ንና «ም»ን አከብባለሁ። አማርኛ ማያያዣውን ግሱ ላይ ነው የሚለጥፈው፣ ግሱም ከክሎዙ መጨረሻ ነው የሚመጣው፣ እንግሊዝኛ ግን ያንኑ ማያያዣ ነቅሎ አውጥቶ ከባለቤቱ በፊት ለብቻው ያቆመዋል። ዌን (when)፣ ኢፍ (if)፣ ቢኮዝ (because)፣ ኦልዞ (although)። ልጁ የሚጠፋበት ትርጉሙ አይደለም፣ ቃሉ የት እንደሚቆም ነው፣ ይህን ካየ በኋላ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ከዛ ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ በትልቁ እጽፍና እቆርጠዋለሁ። አንዱ ልጅ «ዌን ማይ ማዘር ካምስ» የሚለውን፣ ሌላው «ዊ ዊል ኢት» የሚለውን፣ ሦስተኛው ኮማ ብቻ ይዞ ፊት ለፊት ይቆማል። ዌን የያዘው ቀድሞ ሲቆም ኮማው መሃል ይገባል፣ ቦታ ሲቀያየሩ ኮማው ወደ ወንበሩ ይመለሳል። አንዴ ኮማ የያዘችዋ ልጅ ለምንድነው እኔ የምቀመጠው ብላ ስትጠይቅ፣ እኔ መልስ ሳላስብ ከኋላ አንዱ ልጅ «መሃል ላይ ዌን ራሷ ቆማለች እኮ» አላት። ከዛ ቀን ጀምሮ የኮማን ነገር በሱ ቃል ነው የማስረዳው። (ኦልዞ ከኋላ ስትመጣም ኮማ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፣ ስህተት አይደለም፣ ለ9ኛ ክፍል ግን አሁን አታንሳው።)

ጥያቄ፦ ቲቸር ተማሪዎቼ ሁሌ «ዌን አይ ዊል አራይቭ፣ አይ ዊል ኮል ዩ» ነው የሚሉት። መቶ ጊዜ አርሜያለሁ፣ ሩሉንም ያውቁታል፣ ግን ይመለሳሉ።

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ነው፣ ምክንያቱም መፍትሄው አማርኛችን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እኔ ራሴ ለዓመታት አላየሁትም ነበር። ተማሪውን «ወደፊት የሚሆን ነገር ነው ግን ዊል አይገባም» ስትዪው ግራ ይገባዋል፣ ልክም ነው፣ ወደፊት ከሆነ ለምን አይገባም? እንዲህ አድርጊ። «እደርሳለሁ» ብለሽ ጻፊ። አሁን «ስ» ጨምሩበት በያቸው። «ስደርሳለሁ» የሚል አንድም ልጅ የለም፣ ሁሉም «ስደርስ» ነው የሚለው። «አለሁ» የምትለው የት ሄደች? ወደቀች! «ስ» ስትገባ «አለሁ» ትወጣለች። «እስክመጣለሁ ጠብቀኝ» አንልም፣ «እስክመጣ ጠብቀኝ» ነው። «እደውልልሃለሁ ስደርስ» ብለሽ ብትገለብጪውም ያው ነው፣ «አለሁ» ዋናው ግስ ላይ ብቻ ትቀራለች። እንግሊዝኛም ልክ እንደዛ ነው፣ ዌን ስትገባ ዊል ትወድቃለች፣ ዋናው ላይ ብቻ ትቀራለች። ዌን አይ አራይቭ፣ አይ ዊል ኮል ዩ። ይህን ካሳየሁ በኋላ ስህተቱ ሲደገም አላርምም፣ «ስደርሳለሁ?» ብዬ ብቻ እጠይቃለሁ፣ ልጁ ሳቅ ብሎ ራሱ ዊልን ይሰርዛል። ለአንቲል፣ ለቢፎር፣ ለአዝ ሱን አዝ፣ ለኢፍም ያው ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ «ኦልዞ ሂ ኢዝ ፑር፣ በት ሂ ኢዝ ሃፒ» ለምን ስህተት ሆነ? ትርጉሙ እኮ ግልጽ ነው።

መልስ፦ ትርጉሙስ ግልጽ ነው፣ እኛ «ደሃ ቢሆንም ግን ደስተኛ ነው» ስለምንል ነው እንደዛ የሚመጣው። አማርኛ ሁለቱንም ይቀበላል፣ እንግሊዝኛ ለአንድ ገመድ አንድ ቋጠሮ ነው የሚፈልገው፣ ወይ ኦልዞ ወይ በት። ቢኮዝ ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ ሶ መጨመርም ያው ነው። ሁለቱንም ያስገባ ልጅ አንዱን መርጦ እንዲያጠፋ አድርጉ፣ የቱን እንደሚያጠፋ እሱ ይወስን፣ ሁለቱም መንገድ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ በቢኮዝ ዓረፍተ ነገር አይጀመርም ተብሎ ነው የተማርነው፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አይ፣ ይጀመራል። «ቢኮዝ ሂ ዋዝ ሲክ፣ ሂ ስቴይድ አት ሆም» ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ነው። ክልከላው የመጣው ልጆች «ሂ ስቴይድ አት ሆም።» ብለው ነጥብ አድርገው «ቢኮዝ ሂ ዋዝ ሲክ።» ብለው ለብቻው ስለሚተዉት ነው። ያንን ደግሞ የሚያመጣው «ምክንያቱም» ነው። «ቤት ዋለ። ምክንያቱም አሞት ነበር።» በአማርኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ችግር የለበትም። ስለዚህ ቢኮዝን «ምክንያቱም» ብላችሁ አትተርጉሙላቸው፣ «ስለ» በሏቸው። «ስለታመመ።» ብሎ ጽፎ ነጥብ የሚያደርግ ሰው የለም፣ ጆሮው ራሱ ቀሪውን ይጠብቃል። ሲያወሩ ግን ዋይ ተብሎ ለተጠየቀ ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ ብሎ መመለስ ምንም ችግር የለውም፣ እዛ ላይ ልጅ አታሸማቅቁ።

ጥያቄ፦ ኢቭን ኢፍ እና ኢቭን ዞ አንድ አይደሉም?

መልስ፦ አይደሉም፣ እኛን የሚያምታታን «ቢመጣም» ለሁለቱም ስለምትሆን ነው። «ትናንት ቢመጣም አላናገርኩትም» ስል መጥቷል፣ እርግጥ ነው፣ እሱ ኢቭን ዞ ነው። «ነገ ቢመጣም አላናግረውም» ስል ይምጣ አይምጣ አላውቅም፣ እሱ ኢቭን ኢፍ ነው። ተማሪው «ሆኗል ወይስ አልታወቀም?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ልጄ ደብተሯ ላይ «ቢፎር ኢት ዳዝንት ጌት ዳርክ» ብላ ጽፋ ኤክስ ተደረገባት። እኔም እንደሷ ነበር የምለው 😊

መልስ፦ እህቴ ልጅሽ በደንብ ነው ያሰበችው፣ «ሳይመሽ» የሚለው ውስጥ አሉታ አለ፣ እሷም አሉታውን ይዛ ሄደች። እንግሊዝኛ ውስጥ ቢፎር ራሱ «ገና አልሆነም» የሚለውን ይዞታል፣ ዳዝንት አያስፈልግም፣ «ቢፎር ኢት ጌትስ ዳርክ» ነው። አንለስም እንደዚሁ ነው። «ካልዘነበ እመጣለሁ» ማለት «አይ ዊል ካም አንለስ ኢት ሬይንስ» ነው፣ «ካል» ውስጥ ያለው አሉታ አንለስ ውስጥ ገብቷል፣ ዳዝንት ከጨመርሽ የምትመጪው ከዘነበ ብቻ ነው ማለት ይሆናል። ይሄ የግራመር ክፍለ ጊዜ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው፣ አንለስን ገልብጦ ያነበበ ልጅ ፊዚክሱን እያወቀ ጥያቄውን ይስታል።

ጥያቄ፦ ሱፐርቫይዘራችን እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ አማርኛ ትንፍሽ እንዳይባል ይላል። እርስዎ የሚሉት ሁሉ በአማርኛ ነው።

መልስ፦ እኔ ሙሉ ክፍለ ጊዜውን በአማርኛ አላስተምርም። አምስት ደቂቃ ለማነጻጸር፣ ቀሪው በእንግሊዝኛ ነው፣ መለማመዱማ በእንግሊዝኛ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው። ግን ልጁ በአማርኛ እያሰበ መሆኑን ዝም ብለን ብናልፈው ማሰቡን አያቆምም፣ ተደብቆ ነው የሚያስበው፣ ስህተቱም ከየት እንደመጣ ሳናውቅ እንቀራለን። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ተማሪዎች አሉኝ ብለህ ለጠየቅከኝ ወንድሜ ደግሞ፣ እነሱን የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር አስጽፋቸው። እዛ «ዮ» እና «የሮ» ከግሱ ተለይተው ከፊት የሚቆሙ ቃላት ናቸው፣ ስለዚህ ኢፍና ዌን የት እንደሚቆሙ ከአማርኛ ተናጋሪው ቶሎ ሊገባቸው ይችላል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ ኮሌጅ ልገባ ኢሴይ እየጻፍኩ ነው። «ኦፕኒንግ ዘ ዶር፣ ዘ ካት ራን አውት» ብዬ ጽፌ ቱተሯ ድመቷ ናት በሩን የከፈተችው? አለችኝ። አልገባኝም።

መልስ፦ በሩን «ስከፍት» ድመቷ ወጣች ብለህ ነው ያሰብከው አይደል፣ «ስከፍት» ውስጥ እኔ አለ፣ ማን እንደከፈተ ቃሉ ራሱ ይናገራል። ቦዝ አንቀጻችንም እንደዛ ነው፣ «መሽቶ ገባን» ስንል የመሸው ሌላ የገባነው እኛ፣ ማንም አይምታታበትም። ኦፕኒንግ ውስጥ ግን ሰው የለም፣ ባዶ ነው፣ ስለዚህ አንባቢው ቀጥሎ ያገኘውን ባለቤት ወስዶ ይሞላበታል፣ እሷም ድመቷ ሆነች። የሁለቱም ክፍል ባለቤት አንድ ካልሆነ ወደ ሙሉው ክሎዝ ተመለስ፣ «ዌን አይ ኦፕንድ ዘ ዶር፣ ዘ ካት ራን አውት»።

ጥያቄ፦ ሰከንድና ሰርድ ኮንዲሽናል በምን ላስለያቸው?

መልስ፦ «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ እገዛው ነበር» ለአሁንም ላለፈውም ስለሚሆን ነው የሚከብዳቸው። «አሁን» ወይም «ያኔ» የሚል ቃል አስጨምራቸው። አሁን ከሆነ ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ኢት። ያኔ ከሆነ ኢፍ አይ ሃድ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ሃቭ ቦት ኢት። ሃድ ሃድ ሲደጋገም ስህተት መስሏቸው አንዱን ያጠፋሉ፣ ቀድመህ ንገራቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ክፍል ውስጥ 70 ልጅ አለኝ፣ ማን አርሞ ይጨርሳል?

መልስ፦ 20 ባዶ ቦታ ሙሉ የሚል ወርክሺት ተዉት። እኔ ከክፍል ሲወጡ ስለራሳቸው እውነት የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ በብጣሽ ወረቀት አስጽፌ በር ላይ እቀበላለሁ። 70 ዓረፍተ ነገር በአንድ ሻይ ጊዜ ይነበባል፣ የተደጋገመውን ስህተት ብቻ ለይቼ በሚቀጥለው ቀን ብላክቦርዱ ላይ አወጣዋለሁ፣ የማንን እንደሆነ ሳልናገር፣ ጥሩውን ግን በስም ነው የማነበው። ባለፈው ሳምንት አባቷ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር የሆነች ልጅ «አይ ዊል ኖት ስሊፕ አንቲል ማይ ፋዘር ካምስ ሆም» ብላ ሰጠችኝ። ዊሏን ዋናው ላይ ብቻ ነው ያስቀረቻት። በማግስቱ መጀመሪያ ያነበብኩት የሷን ነው።