«እሺ» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። አውሮፕላኑን የሚያበረው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ የምሰጠው ቃል ብቻ ነበር። ለዚህ ይሆናል በግልጽ የማይናገር ሰው ሲያጋጥመኝ እንደሌላው ሰው ችዬ ማለፍ የሚያቅተኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ቤቴ ቧንቧ ሊሠራ መጥቶ ነበር። «ጋሼ፣ እንትኑ ነው እኮ እንትን ያለው» አለኝ። የቱ? ስለው «ያ ከታች ያለው ምናምን» አለ። መቼ ይጠናቀቃል? «ችግር የለም፣ እናያለን።» ልጁ እጁ ወርቅ ነው፤ ሥራውን አይቻለሁ። ነገር ግን ምኑ እንደተበላሸ፣ ስንት እንደሚያስወጣኝና መቼ እንደሚመለስ ሳላውቅ ሄደ። ሲሄድም «እሺ» ብሎኝ ነው።

ይቺ «እሺ» ናት የምታስፈራኝ። «ሰምቻለሁ» ማለት ትሆናለች። «ተስማምቻለሁ» ማለትም ትሆናለች። «አደርገዋለሁ» ማለትም፣ «በቃ ተወኝ» ማለትም። ተናጋሪው አንዱን ያስባል፣ ሰሚው ሌላውን ይዞ ይሄዳል።

በእኛ ሙያ ይህ ምን እንደሚያስከትል ሁሉም ተቆጣጣሪ ይማራል። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ የቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች፣ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤምና የአሜሪካው የፓን አም፣ ጭጋግ በሸፈነው አንድ መንደርደሪያ ላይ ነበሩ። የኬኤልኤሙ ረዳት አብራሪ ለመነሳት የተዘጋጁ ይሁኑ ወይም መንደርደር የጀመሩ በማይለይ አነጋገር ተናገረ። ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለ፤ ቀጥሎም እንዲጠብቁ ነገራቸው። በዚያው ቅጽበት የፓን አም አብራሪዎች ገና መንደርደሪያው ላይ መሆናቸውን ተናገሩ። ሁለቱ ድምፆች በሬድዮ ተደራርበው ፉጨት ሆኑ። ጥርት ብላ የተሰማችው «ኦኬ» ብቻ ነበረች። የኬኤልኤሙ አውሮፕላን ፈቃድ ሳያገኝ ተንደርድሮ ከፓን አሙ ጋር ተጋጨ፤ 583 ሰው ሞተ። ጭጋጉም ጥድፊያውም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ግን አነጋገራችን ተለወጠ። «መነሳት» የሚለው ቃል ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር አይነሳም። የተሰጠን ትእዛዝ በ«ኦኬ» መቀበልም አይበቃም፤ አብራሪው የተነገረውን ዋና ነገር ቃል በቃል መልሶ ይናገራል። ሪድባክ እንለዋለን።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ለእኛ ለሀበሾች ይቀርበናል። በጃንዋሪ 1990 የኮሎምቢያው አቪያንካ አውሮፕላን ኒውዮርክ ሊያርፍ ሲል በአየሩ ምክንያት ሰማይ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲዞር ቆየ። ነዳጁ እያለቀ ነበር። ካፒቴኑ ረዳቱን «አደጋ ላይ ነን በላቸው» ይለዋል። ረዳቱ ለተቆጣጣሪዎቹ ነዳጅ እያለቀብን ነው አለ እንጂ «አደጋ» የምትለዋን ቃል አላወጣትም። ለካፒቴኑ ግን ነግሬያቸዋለሁ አለ። አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ፤ ከ158 ሰው 73ቱ ሞቱ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ይሉኝታ ትዝ ይለኛል። ስንቶቻችን ነን ሥራው ሊበላሽ ሲል ለአለቃችን «ትንሽ ነገር ነበረች» የምንለው? እባካችሁ፣ የባሰ ነገር ካለ በስሙ ጥሩት።

ሰዓትም ላይ ተጠንቀቁ። ባለቤቴ ታማ ከሕክምና ስንመለስ መድኃኒቱን የሰጠችን ልጅ «በ8 ሰዓት ይሰጧታል» አለችኝ። እኔም በየቀኑ ከምሳ በኋላ ልክ 8 ሰዓት ሲሆን አንድ ፍሬ እሰጣታለሁ። በሦስተኛው ቀን ስትብስብኝ ይዣት ተመለስኩ። ለካ ልጅቷ በየ8 ሰዓቱ ማለቷ ኖሯል፤ በቀን 3 ጊዜ! በጣም ተናደድኩ። ጥፋቱ ግን የእኔም ነው። ዕድሜ ልኬን የተነገረኝን መልሼ እየተናገርኩ ኖሬ ያን ቀን አልተናገርኩም። ከውጭ ሰው ጋር ስትቀጣጠሩ ደግሞ ይብሳል። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በፈረንጅ 9 ነው፤ በበረራ ሥራ በምንጠቀምበት የዓለም የጋራ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ደግሞ 6። አንዷ ጠዋት ሦስት ቁጥር አላት።

ቋንቋችንም ለመደበቅ ይመቻል። «ደብዳቤው ይላካል»፣ «ይስተካከላል ተብሏል» እንላለን። ማን ነው የሚልከው? ማን ነው ያለው? በስብሰባ ላይ «ይደረጋል» ተብሎ የታለፈ ነገር ሳይደረግ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ባለቤት የለውምና። «እኔ ሐሙስ እልከዋለሁ» በሉ። ሐሙስ ካልቻላችሁ ረቡዕ ላይ «አልቻልኩም» በሉ።

«ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» እየተባልን ነው ያደግነው። ሁሉን ዘርዝሮ መናገር ሰውን መናቅ ይመስለናል። ቅኔ እወዳለሁ፤ ወርቁን ከሰሙ ፈልቅቆ ማውጣት ዛሬም ደስ ይለኛል። ቅኔው ውስጥ ግን ሰሚው ወርቅ እንዳለ አውቆ ነው የሚፈልገው። ሥራ ላይ ያለ ሰው የተነገረውን ይዞ ነው የሚሮጠው።

ደግሞ ሲነገራችሁ ካልገባችሁ ጠይቁ። ጭንቅላት ነቅንቆ መሄድ አክብሮት የሚመስላቸው ልጆች አሉ፤ እኔም ወጣት ሳለሁ እንደዚያው ነበርኩ። በሬድዮ «ድገምልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ተደጋግሞ ሲጠየቅ የሚናደድ አለቃ ሊኖር ይችላል፤ ይናደድ።

አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ደክሞኛል። ለአንድ የውጭ አገር አብራሪ የሚወርድበትን ከፍታ ነገርኩት። «ድገምልኝ» አለ። ደገምኩለት። ዝም ብሎ ቆየና «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ድገምልኝ» አለ። ደሜ ፈላ፤ አማርኛ የነገርኩት ነው እንዴ? አልኩ በሆዴ። ለሦስተኛ ጊዜ ልናገር ወረቀቴን ስመለከት፣ የሰጠሁት ቁጥር ከእሱ በታች ለሚበር ለሌላ አውሮፕላን የጻፍኩት ከፍታ ነበር። እጄ ቀዘቀዘ። አስተካክዬ ነገርኩት። አንድ በአንድ መልሶ ተናገረልኝ፣ አመሰገነኝና መውረድ ጀመረ።