አንድ ወር ከአንድ ደራሲ ጋር

ውድ ልጆቼ፣

ስለ ንባብ ስታወሩ ብዙ ጊዜ የምሰማው ቁጥር ነው። በዓመት ስንት መጽሐፍ፣ በወር ስንት። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአርትዖት ሥራ ነው፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳነብ ፀጉሬ ሸብቷል። ከዚያ ሁሉ ንባብ ተነስቼ አንድ ነገር ልምከራችሁ። ከምትወዷቸው ታላላቅ የድሮ ደራሲዎች አንዱን ምረጡና አንድ ወር ሙሉ ከእሱ ጋር ብቻ ቆዩ።

ለምን መሰላችሁ? አንድ መጽሐፍ ያነበበ ሰው የሚያውቀው ታሪኩን ነው። ሦስት አራት ሥራዎችን ያከታተለ ግን ጸሐፊውን ራሱን ማወቅ ይጀምራል። ምን እንቅልፍ እንደሚነሳው፣ የትኛውን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲያመላልስ እንደኖረ፣ በሃያዎቹ የሰጠውን መልስ በአርባዎቹ እንዴት እንዳፈረሰው ይገባዋል። በየዓመቱ አንድ አንድ እያነሳችሁ ብታነቡ ይሄ አይገኝም። ሁለተኛው ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ተረስቷል።

ደራሲውን እናንተ ምረጡ። እኔ ሩሲያዊውን ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪን ይዤ ላሳያችሁ፤ ደጋግሜ የምመለሰው ወደ እሱ ነውና።

ዕቅድ ስታወጡ መጀመሪያ የምትወስኑት የማታነቡትን ነው። ዶስቶየቭስኪ ሲባል ሁሉም ሰው «የካራማዞቭ ወንድማማቾች»ን ይጠራል። የመጨረሻው ልቦለዱ ነው፤ ታላቅነቱም አያከራክርም። ለዚህ ወር ግን ይቆይ። ለአንድ ወር አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይበቃል፤ እሱም «ወንጀልና ቅጣት» ይሁን። አጫጭሮቹን በዙሪያው አድርጉ። አራት ወፋፍራም መጽሐፍ ደርድሮ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ሳምንት እጁን ይሰጣል።

መነሻችሁ «ነጫጭ ሌሊቶች» ትሁን፤ በ1848 የወጣች አጭር ሥራ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በአራት ሌሊትና በአንድ ጧት የተከፋፈለች ስለሆነች በአንድ ቁጭታ አትጨርሷት። በየምሽቱ አንድ ሌሊት አንብቡ። ተራኪው ስሙ እንኳ ያልተነገረን ብቸኛ ወጣት ነው። በፒተርስበርግ ጎዳናዎች ሲንከራተት ቤቶቹ ሰላም የሚሉት ይመስለዋል። ይህን ልጅ ልብ በሉት። ወሩን ሙሉ መልኩን እየቀያየረ ይመጣባችኋል።

ቀጥሎ አንድ ምሽት ለሕይወቱ ስጡ። ወፍራም የሕይወት ታሪክ አያስፈልጋችሁም። በ1849 የተከለከሉ ሐሳቦችን ከሚወያይ ቡድን ጋር ተይዞ ሞት ተፈረደበት። በዲሴምበር ከጓደኞቹ ጋር አደባባይ ላይ ቆመ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ምሰሶ ላይ ታሰሩ፤ እሱ ከተከታዮቹ መካከል ነበር። የዛሩ ምሕረት የተነበበው ወታደሮቹ ካነጣጠሩ በኋላ ነው። ሁሉም አስቀድሞ የተዘጋጀ ትርኢት ነበር። በዚያው ቀን ለወንድሙ ለሚኻይል ደብዳቤ ጻፈ። ያቺን አንዲት ደብዳቤ ፈልጋችሁ አንብቡ። ከሞት አፍ የተመለሰ ሰው፣ ገና አራት ዓመት በሳይቤሪያ የግዳጅ ሥራ እየጠበቀው፣ ሕይወት ስጦታ ናት ብሎ ይጽፋል።

ደብዳቤዋን አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ 1864 ዝለሉ፤ «ከምድር ቤት የተጻፉ ማስታወሻዎች» ወደተባለው ሥራ። እንደገና ስም የሌለው ብቸኛ ሰው፣ እንደገና ፒተርስበርግ። አሁን ግን ተራኪው አርባ ዓመቱ ነው፤ ሕልሙ ሁሉ ቂም ሆኗል። ሁለቱን ሥራዎች በተለያየ ዓመት ብታነቧቸው ይህ ለውጥ ሊያመልጣችሁ ይችላል። በአሥር ቀን ውስጥ ስታነቧቸው ግን ያስደነግጣል። የመጀመሪያው ክፍል ሙግት ነው፤ ከከበዳችሁ ሁለተኛውን አስቀድሙ። ሁለተኛው የሚተርከው ድሮ የሆነውን ስለሆነ ምንም አይቀርባችሁም።

አሁን ወደ ዋናው። «ወንጀልና ቅጣት» በ1866 መጽሔት ላይ በተከታታይ የወጣ ልቦለድ ነው። ስድስት ክፍልና አንድ መደምደሚያ አለው። በቀን ይህን ያህል ገጽ ብላችሁ አትቁረጡት። ደራሲው ራሱ ማረፊያውን አዘጋጅቶላችኋል፤ ለአንዱ ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ቀን ስጡ። ግድያው የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ያልቃል። ታዲያ የቀሩት አምስት ክፍሎች ምንድን ናቸው? ቅጣቱ ናቸዋ! ያውም ገዳዩን ፖሊስ ሳይዘው። የመጀመሪያውን ክፍል እንደጨረሳችሁ አንድ ቀን ምንም አታንብቡ። ነገሩ ይመላለስባችሁ።

መጀመሪያው አካባቢ አንዲት ነገር አለች፣ ሁልጊዜ የምታስቆመኝ። የልቦለዱ ዋና ሰው ራስኮልኒኮቭ መያዣ እየተቀበለች ገንዘብ ወደምታበድረው አሮጊት ቤት እየሄደ ነው። እሷን የመግደል ሐሳቡን ይጸየፈዋል፤ አላደርገውም ይላል። ነገር ግን ከቤቱ እስከ በሯ ስንት እርምጃ እንደሆነ ያውቃል፦ 730። አፉ እምቢ ሲል እግሩ መንገዱን ለክቶ ጨርሷል። ስንት ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ቦታ ላይ «ሐሳቡ ቀንና ሌሊት ያሠቃየው ነበር» ብሎ አንድ ገጽ ይሞላ ነበር! እሱ በአንድ ቁጥር ጨረሰው። በወሩ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ስታገኙ ከሥራቸው አስምሩ። የምዕራፍ ማጠቃለያ መጻፍ አያስፈልግም። ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ያስቆማችሁን ቦታና ለምን እንዳስቆማችሁ ብቻ አስፍሩ።

የሰዎቹ ስም ያስቸግራል። ሮዲዮን ሮማኖቪች፣ ራስኮልኒኮቭ፣ ሮድያ፤ ሁሉም አንድ ሰው ነው። አቭዶትያ ሮማኖቭናም እኅቱ ዱንያ ናት። በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ መጽሐፉ ውስጥ ሸጉጡት፤ ግማሹ ድካም ይቀላል።

ስድስተኛው ክፍል ላይ ስትደርሱ ቁሙና «ቁማርተኛው»ን አንሱ። ያልተለመደ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ምክንያት አለኝ። ዶስቶየቭስኪ ራሱ ያደረገው ይህንኑ ነው። ዕዳ ሲያስጨንቀው ከአንድ አሳታሚ ጋር ክፉ ውል ተፈራረመ። እስከ ኖቬምበር 1 ቀን 1866 አዲስ ልቦለድ ካላስረከበ፣ አሳታሚው ለዘጠኝ ዓመት ሥራዎቹን ያለ ክፍያ የማተም መብት ያገኛል። «ወንጀልና ቅጣት» ገና አላለቀም። ስለዚህ ኦክቶበር ላይ እሱን አቁሞ፣ አና ግሪጎሪየቭና ለምትባል የሃያ ዓመት ወጣት እየነገራት፣ እሷ በፈጣን ጽሕፈት እየያዘች፣ «ቁማርተኛው»ን በ26 ቀን ጨረሰ። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ተጋቡ። አጭር መጽሐፍ ስለሆነ ሦስት አራት ቀን ይበቃዋል። ችኮላው ከገጾቹ ላይ ይሰማችኋል። ወደ ራስኮልኒኮቭ ስትመለሱም ያንን ታሪክ የጻፈው ሰው በምን ጭንቀት ውስጥ እንደነበር እያወቃችሁ ነው።

ፊልሞቹን እስኪያልቅ አትንኳቸው፤ የተዋናዩ ፊት አንዴ ከገባባችሁ አይወጣም። ቢቻል አንድ ጓደኛ ያዙ፤ ተመሳሳይ ሕትመት ይኑራችሁ፣ አንዱ ሌላውን ቀድሞ አይሂድ። አንድ ሳምንት ካመለጣችሁ «ቁማርተኛው»ን ዝለሉት እንጂ ዋናውን አታሯሩጡት።

መደምደሚያውን ለመጨረሻዎቹ ቀናት አቆዩት። ታሪኩ ሳይቤሪያ ላይ ነው የሚያልቀው፤ አንባቢዎችም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የራስኮልኒኮቭ ለውጥ ድንገተኛ ነው፣ አያሳምንም የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ከሚያምኑት ወገን ነኝ። ይህን የጻፈው ኦምስክ እስር ቤት ውስጥ አራት ዓመት የኖረ፣ ያቺን ደብዳቤ የጻፈ ሰው ነው፤ ከሩቅ ሆኖ አልገመተውም። እናንተ ላይዋጥላችሁ ይችላል። ሁለት ምሽት ለዚህ ክርክር ተዉ። መጽሐፉን ገልጣችሁ፣ እያንዳንዱን የምትሉትን ከገጹ ላይ እያሳያችሁ ተከራከሩ።