ካንሰር ከተባለ በኋላ ለምን «ጠብቂ» እባላለሁ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው፤ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ሁለተኛ ለመውለድ አስቤ ጠቅላላ ምርመራ ሳደርግ ነጭ የደም ሴሌ 142,000 ሆኖ ተገኘ። ለካ ጥቂት ጎርሼ የምጠግበውና ግራ ጎኔን የሚከብደኝ ጣፊያዬ አብጦ ኖሯል። ሐኪሜ «የደም ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፤ ዓይነቱን ለመለየት የመቅኔና የጂን ምርመራ ያስፈልጋል» ብሎ ናሙና ከወሰደ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ባለቤቴ «ካንሰር እያለ ምን ይጠበቃል?» ይላል። ወንድሜ መቅኔውን ሊሰጠኝ ተዘጋጅቷል። መዘግየቱ አይጎዳኝም? ልጄስ ይወርሰው ይሆን? ሌላ ልጅ መውለዴስ ቀረ ማለት ነው?

መልስ፦ ባለቤትዎ የተናገሩትን በየቀኑ እሰማለሁ፤ በእርሳቸው ቦታ ብሆን እኔም የምለው ይኸንኑ ነበር። ነገር ግን «የደም ካንሰር» የብዙ በሽታዎች የጋራ መጠሪያ ነው። አንዱ በሰዓታት ውስጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ሌላው ለዓመታት ያለ መድኃኒት በክትትል ብቻ ይቆያል፤ ሌላው በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ይያዛል። ለአንዱ ፍቱን የሆነው ለሌላው ከንቱ ድካም ነው። ናሙናዎ ላቦራቶሪ በገባበት ቀን ሕክምናዎ ተጀምሯል ብለው ቢቆጥሩት አልተሳሳቱም።

ፈጽሞ የማይጠበቅበት ጊዜ መኖሩን ግን አልደብቅዎም። አጣዳፊ ፕሮማይሎሲቲክ ሉኪሚያ የሚባለው ዓይነት ከባድ የደም መፍሰስ ስለሚያስከትል፣ ሐኪሙ ገና ሲጠረጥር የጂን ውጤት ሳይጠብቅ መድኃኒት ያስጀምራል። የእርስዎ ሐኪም ወደ ቤት የሸኙዎት ደምዎን በማይክሮስኮፕ ተመልክተው እንዲህ ያለ አጣዳፊ ነገር ባለማየታቸው ይመስለኛል። እንደዚያ መሆኑን በቀጥታ ይጠይቋቸው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሚቀየም ሐኪም ካለ ጥፋቱ የእርሱ ነው።

የጻፉልኝ ነገር፣ ማለትም ይህን ያህል ከፍ ያለ ቁጥር፣ ያበጠ ጣፊያና ሌላ የጎላ ሕመም አለመኖሩ፣ ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ ከሚባለው ዓይነት ጋር ይቀራረባል። ይቀራረባል ነው ያልኩት፤ ስሙን የሚያወጣለት የጂን ምርመራው ነው።

ምርመራው የሚፈልገውን ልንገርዎ። በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ በሽታ በተያዙ ሰዎች የደም ሴሎች ውስጥ ከወትሮው ያነሰች አንዲት ክሮሞዞም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ ምክንያቱን ደረሰችበት፤ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠዋል። በመጋጠሚያው ላይ የሚፈጠረው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ ጂን ሴሉን ያለ ዕረፍት «ተባዛ» እያለ የሚያዝ ፕሮቲን ያመርታል። ከ2001 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ኢማቲኒብ የተባለ ክኒን የዚያን ፕሮቲን የኃይል ማግኛ ቀዳዳ ገብቶ ይዘጋል። እንግዲህ ጂኑ ከተገኘ መድኃኒቱ ታወቀ ማለት ነው፤ ካልተገኘ ያው ክኒን ምንም አይሠራልዎትም፤ ምርመራው በሌላ አቅጣጫ ይቀጥላል።

ስለ ልጅዎ ለጠየቁት መልሱ እዚሁ ላይ ነው። መለዋወጡ የሚከሰተው ሰው ከተወለደ በኋላ፣ በመቅኔው ውስጥ ባለች አንዲት ሴል ላይ ነው። በእንቁላልም ሆነ በዘር ፍሬ ውስጥ ስለሌለ ከእናት ወደ ልጅ አይተላለፍም።

ጂኑን ለማግኘት ከክንድ የተቀዳ ደምም ይበቃል። ታዲያ ያ ወገብዎ ሥር ያለው አጥንት ለምን ተወጋ? ማደንዘዣው ቆዳውንና የአጥንቱን ሽፋን እንጂ ውስጡን አያደነዝዝም፤ ስለዚህ መቅኔው ሲመጠጥ እስከ እግር የሚሳብ፣ ለጥቂት ሰከንድ ትንፋሽ የሚያስይዝ ሕመም ተሰምቶዎት ይሆናል። ያ ሁሉ በሽታው የደረሰበትን ደረጃ ለማወቅ ነው። ብላስት የተባሉት ጨቅላ ሴሎች 20 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆኑ በሽታው ወደ አጣዳፊ ደረጃ ተሸጋግሯል፤ ዕቅዱም ይለወጣል። ብዙ ሰው የሚገኘው ግን በመጀመሪያው፣ ረጋ ባለው ደረጃ ላይ ነው። በዚህ ደረጃ ተይዘው መድኃኒቱ የሠራላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ ከጤነኛ ሰው ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ይኖራሉ።

ጂኑ ቢገኝ ቀጣዩ ውይይት የትኛው ክኒን ይሻላል የሚለው ነው። ኢማቲኒብ አብዛኛውን ጊዜ 400 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋር በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል። ጠዋት የዐይን ቆብ አብጦ መነሣት፣ ሌሊት ባት መያዝ፣ ማቅለሽለሽ የተለመዱ ናቸው። ከሌሎቹ ተመሳሳይ ክኒኖች መካከል ዳሳቲኒብ በሳንባ ዙሪያ ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል፤ ኒሎቲኒብ ደግሞ ስኳር ወይም የደም ሥር ችግር ላለበት ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ከመጀመርዎ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም ይደረግልዎ፤ ተኝቶ የነበረው ቫይረስ በእነዚህ መድኃኒቶች ሊቀሰቀስ ይችላል።

ነጭ የደም ሴልዎ በጥቂት ሳምንታት ወደ ቦታው ይመለስ ይሆናል፤ ጣፊያውም ይሟሽሻል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ዳንኩ» ብሎ ክኒኑን አንድ ቀን ይዘላል፤ ከዚያ ሁለት ቀን። በሽታው ግን በሲቢሲ፣ ማለትም በተለመደው የደም ሴል ቆጠራ፣ ከማይታይበት ሥፍራ አለ። እውነተኛው መለኪያ በየሦስት ወሩ የሚለካው የጂኑ መጠን ነው፤ በሦስተኛው ወር ከ10 ከመቶ፣ በስድስተኛው ከ1 ከመቶ፣ በዓመቱ ከ0.1 ከመቶ እንዳይበልጥ እንፈልጋለን። ቁጥሩ ሳይወርድ ሲቀር መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ቀን ዘለሉ?» ብዬ ነው። ሳይዘሉም ካልወረደ ጂኑ ተለውጦ እንደሆነ ይመረመራል፤ መድኃኒቱም ይቀየራል።

ወንድምዎን ያመስግኗቸው፤ ግን ገና አይቸኩሉ። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሰዎች ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ቢገጥሙ እንኳ የለጋሹ ሴሎች የተቀባዩን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥረው ሊያጠቁ ይችላሉ። በዚህ በሽታ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ክኒኖቹ እምቢ ሲሉ ወይም በሽታው ሲገሰግስ የሚደረስበት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። እነዚህ ክኒኖች ፅንስን ስለሚጎዱ እየወሰዱ ማርገዝም ሆነ ማጥባት አይቻልም። ከመጀመሪያው ክኒን በፊት የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ፤ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያም ይያዙ። «ቀረ» ግን አልልም። የጂናቸው መጠን ለዓመታት እጅግ ዝቅ ብሎ የጸናላቸው ሰዎች በቅርብ ክትትል ክኒኑን የሚያቆሙበት መንገድ አለ፤ ካቆሙት ግማሽ ያህሉ በሽታው ሳይመለስባቸው ይቆያሉ፤ የተመለሰባቸውም ክኒኑን ሲጀምሩ አብዛኞቹ መልሰው ይቆጣጠሩታል። በእርግዝና ጊዜ ሕክምና ካስፈለገም ኢንተርፌሮን የተባለ ሌላ መድኃኒት መጠቀም ይቻላል። በ34 ዓመት ይህን መንገድ መጠበቅ ከእንቁላል ዕድሜ ጋር መሽቀዳደም ስለሆነ፣ እንቁላል አውጥቶ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ያንሡት። ሐኪሙ ሳያነሣው ሊቀር ይችላል፤ እርስዎ ያንሡት።

እስከዚያው ውሃ በብዛት ይጠጡ። ቁጥሩን የሚያወርድ ሃይድሮክሲዩሪያ ከታዘዘልዎ እርሱም ከእርግዝና ጋር አይሄድም፤ የወር አበባዎ ከዘገየ ሳይውጡት ይደውሉ። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማይቆም ደም፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም በግራ ጎን ድንገት የሚወጋ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂዱ። ያበጠ ጣፊያ በምት ሊቀደድ ስለሚችል ትንሹ ልጅዎ ሆድዎ ላይ መዝለሉን ለጊዜው ይተው፤ ሲያቅፉትም በቀኝ በኩል ይያዙት።