መልስ፦ በጸጥታው ምክር ቤት ለቋሚ መቀመጫ መስፈርቱ የቱ አንቀጽ ላይ ነው?

ለክርክር ስትዘጋጅ ቋሚ አባል ለመሆን መስፈርቱ የትኛው አንቀጽ ላይ እንዳለ ጠይቀሃል። የምትፈልገው አንቀጽ የለም፤ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር (መመሥረቻ ሰነዱን) ብታገላብጥም አታገኘውም። አንቀጽ 23 አምስቱን ቋሚ አገሮች (አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ሩሲያና ቻይና) በስም ይጠራል እንጂ በምን ተለክተው እንደገቡ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1945 የአሸናፊው ጎራ መሪዎች ነበሩ፣ አለቀ። እንዲያውም ጽሑፉ ሩሲያን ዛሬም «ሶቪየት ኅብረት» ነው የሚላት።

በጥያቄህ የጠቀስከው «ለሰላምና ጸጥታ የተደረገ አስተዋፅኦ» እና «ፍትሐዊ የመልክዓ ምድር ስርጭት» እዚያው አንቀጽ ላይ አለ፤ ግን ለሁለት ዓመት ለሚመረጡት ለአሥሩ ነው። አታምታታው።

ለክርክርህ የሚጠቅምህ አንቀጽ 108 ነው። አዲስ ቋሚ አባል ለመጨመር፦

1. ከ193ቱ አባላት ሁለት ሦስተኛው (129) በጠቅላላ ጉባኤው መደገፍ አለባቸው።
2. ከዚያ ሁለት ሦስተኛው በየአገራቸው ሕግ ያጸድቁታል፤ አምስቱ አንድም ሳይቀሩ። አንዱ ካላጸደቀ እዚያው ይቀራል። እውነተኛው መስፈርት እንግዲህ ይሄ ነው።

የአፍሪካን አቋም ከፈለግህ እ.ኤ.አ. የ2005ቱን የኤዙልዊኒ ስምምነት (የአፍሪካ ኅብረትን የጋራ አቋም) አንብብ፦ ቢያንስ ሁለት ቋሚ መቀመጫ ከነቬቶው (ውሳኔ ከመሻር መብቱ ጋር)፤ ማን እንደሚቀመጥ የሚመርጠው የአፍሪካ ኅብረት፣ ወካይነትንና አቅምን አይቶ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ክርክር ላይ ተማሪዎች ሲወድቁ የማየው መስፈርት አውጥተው አምስቱ ላይ ሳይሞክሩት ሲቀሩ ነው። የሕዝብ ብዛት ካልክ «ፈረንሳይና እንግሊዝስ?» ትባላለህ። ሰላም አስከባሪ ማዋጣት ካልክ ደግሞ ኔፓልና ባንግላዴሽ ከአሜሪካ ይቀድማሉ። መልሱን ቀድመህ ያዝ።