ትርፍ የተከፈለ የአንኢምፕሎይመንት ገንዘብ መልሱ ስትባሉ፦ ጥያቄና መልስ

በኮቪድ ጊዜ የተቀበላችሁትን የአንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈል) ገንዘብ እንድትመልሱ ደብዳቤ የደረሳችሁ አባላት ስለበዛችሁ፣ ጥያቄዎቻችሁን በአንድ ላይ ለመመለስ ተስማምቻለሁ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የይግባኝ ችሎቶች በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ስትጠይቁ የምትኖሩበትን ስቴት፣ ደብዳቤው የተላከበትን ቀንና በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ምክንያት ጥቀሱ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ የኡበር ሹፌር፦ ጋሼ፣ በ2020 ሥራ ሲቆም ፒዩኤ የሚባለውን ክፍያ ጠይቄ ተሰጠኝ። የገቢ ማስረጃ አቅርብ ስባል ከኡበር የተላከልኝን የ1099 ወረቀት (የዓመት የገቢ መግለጫ) ሰጠሁ። አሁን ሳምንታዊ ክፍያህ ከሚገባህ በላይ ነበር፣ ልዩነቱን መልስ ተብያለሁ። አንድም የዋሸሁት ነገር የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ የብዙ ሹፌሮቻችን ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እመልሰዋለሁ። ፒዩኤ በመጋቢት 2020 በወጣው የኬርስ አዋጅ የተፈጠረ፣ በመደበኛው ሕግ አንኢምፕሎይመንት ለማያገኙ የግል ሠራተኞች የታሰበ ክፍያ ነበር። ሳምንታዊው መጠን የሚሰላው በተጣራ ገቢ ነው፤ ይኸውም ቤንዚን፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስና የኩባንያው ኮሚሽን ከተቀነሱ በኋላ በታክስ ማስታወቂያችሁ ውስጥ የግል ሥራ ገቢና ወጪ በሚሞላበት ቅጽ (ስኬጁል ሲ) ግርጌ የሚታየው ቁጥር ነው። ኡበር የሚልከው 1099-ኬ ግን ተሳፋሪው የከፈለውን ጠቅላላ ሂሳብ ከነኮሚሽኑ ስለሚያሳይ፣ በእርሱ ላይ የተሠራ ስሌት ከፍ ብሎ መገኘቱ አያስገርምም። የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት በየካቲት 2022 ባወጣው መመሪያ፣ አመልካቹ የታዘዘውን ማስረጃ አቅርቦ ሳለ የስቴቱ ትእዛዝ ግልጽ ባለመሆኑ ወይም ስቴቱ ራሱ በተጣራው ፈንታ በጠቅላላው ገቢ በማስላቱ የተፈጠረን ትርፍ ክፍያ ስቴቶች በጅምላ ምሕረት (ዌቨር፣ ማለትም ዕዳውን መተው) ሊያደርጉለት እንደሚችሉ ፈቅዷል። ስለዚህ በምሕረት ማመልከቻዎ ላይ «የተጠየቅሁትን ወረቀት ሰጥቻለሁ» ብለው በአጭሩ ይጻፉና ማስረጃ አቅርብ የተባሉበትን መልእክት ያያይዙ።

ከዚያ በፊት ግን ዕዳው የተሰላበትን ሠንጠረዥ ሳምንት በሳምንት ይመልከቱት። እስከ ሐምሌ 2020 መጨረሻ በየሳምንቱ ይጨመር የነበረው 600 ዶላር፣ ከታኅሣሥ 2020 መጨረሻ እስከ መስከረም 2021 መጀመሪያ ይጨመር የነበረውም 300 ዶላር፣ ለሳምንቱ ቢያንስ 1 ዶላር የሚገባው ሰው ሁሉ ሙሉውን የሚያገኘው ነበር። የእርስዎ ሳምንታዊ መጠን ዝቅ ቢል እንኳ ጨርሶ ካልተሰረዘ 600ው ሊነካ አይገባም። ሠንጠረዡ 600ውንም አብሮ ከጠየቀ ስሌቱ ስህተት ነው፤ ስህተት ደግሞ በይግባኝ እንጂ በምሕረት ጥያቄ አይታረምም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይግባኝና ዌቨር አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? አንዱን ብጠይቅ ሌላው ይቀርብኛል?

መልስ፦ ይለያያሉ፤ አብዛኛው ሰው የሚጎዳውም ሁለቱን ሲያደባልቅ ነው። ይግባኝ ማለት «ዕዳው የለብኝም ወይም መጠኑ ትክክል አይደለም» ማለት ነው። ዌቨር ማለት ግን «ገንዘቡ በትርፍ እንደተከፈለኝ አልክድም፤ ጥፋቱ የእኔ አይደለምና እንድከፍለው ማድረግም ተገቢ አይሆንም» ማለት ነው። ይግባኙን ትታችሁ ዌቨር ብቻ ብትጠይቁ ስሌቱን እንደተቀበላችሁ ይቆጠራል። ሁለቱንም መጠየቅ ይቻላል፣ የሚሻለውም እርሱ ነው። የይግባኝ ጊዜው በሜሪላንድና በዲሲ 15 ቀን፣ በቨርጂኒያ፣ በካሊፎርኒያና በዋሽንግተን ስቴት 30 ቀን ነው። ቀኑ የሚቆጠረው በደብዳቤው ላይ ከታተመው የመላኪያ ቀን ጀምሮ እንጂ ፖስታ ሣጥናችሁን ከከፈታችሁበት ቀን አይደለም። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ከዳላስ፦ እኔም ትርፍ ተከፍሎሃል ተብያለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ የተላከበት ቀን አልተጻፈም፤ ምክንያቱም አልተጻፈም። ዳላስ ስላሉ ብቻ የምነግርዎት፣ በቴክሳስ ይግባኝ 14 ቀን መሆኑንና በመደበኛው አንኢምፕሎይመንት ላይ ስቴቱ በችግር ምክንያት ዕዳ እንደማይሰርዝ ነው። የእርስዎ ተስፋ ይግባኙ ላይ ነውና ደብዳቤውን ዛሬውኑ አንብበው በዝርዝር ይጻፉልኝ።

ከዴንቨር፦ እኔ ግን ዝም ማለትን እመክራለሁ። ስንት ሰው አልመለሰም፤ ማንም መጥቶ በር አላንኳኳም።

ከአትላንታ፦ ወንድሜ፣ እባክዎ ሰው አያሳስቱ። ባለቤቴ ዝም ብሎ ተቀምጦ የፌዴራል ታክስ ተመላሹን በሙሉ ወሰዱበት።

ከዴንቨር፦ እርሱ ገቢውን ስላላስመዘገበ ይሆናል። የእኔ የመሥሪያ ቤቱ ስህተት ነው።

ከአትላንታ፦ ባለቤቴ የደበቀው ገቢ የለም! ደመወዝ በተቀበለበት ሳምንት ሁሉንም አስመዝግቧል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ እውነት ይዛችኋል። የፌዴራል ታክስ ተመላሽ የሚያዘው ዕዳው ከማጭበርበር ወይም ገቢን ካለማስመዝገብ የመጣ ሲሆን ነው። እህቴ፣ የባለቤትዎ ችግር ምናልባት እዚያው ላይ ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ስቴት ገቢ የሚመዘገበው በተሠራበት ሳምንት እንጂ ቼኩ በመጣበት ሳምንት አይደለም፤ መጠኑም ታክስ ከመቆረጡ በፊት ያለው ነው። ሰኞ ሥራ የጀመረ ሰው የመጀመሪያው ቼክ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሚመጣ በመሃል ያሉትን ሳምንታት «አልሠራሁም» ብሎ ይሞላል፤ በኋላ አሠሪው ለስቴቱ ከሚልከው የደመወዝ ዝርዝር ጋር ሲመሳከር ልዩነቱ ይወጣል። ይህ የመረዳት ስህተት እንጂ ማጭበርበር አይደለም፤ ነገር ግን ማንም ካላስረዳ መዝጋቢው ማጭበርበር ብሎ ሊፈርጀው ይችላል። በፌዴራል ሕግ በማጭበርበር የተገኘ ዕዳ ላይ ቢያንስ 15 በመቶ ቅጣት ይጨመራል፤ በካሊፎርኒያ ደግሞ 30 በመቶ ነው። ማጭበርበር የተባለ ዕዳም ምሕረት አያገኝም። ስለዚህ የዴንቨሩ ወንድሜ ምክር አያዋጣም፤ ዝም ያለ ሰው ይግባኙን ያጣል፣ ወደፊት ሥራ ቢያጣም ከሚያገኘው ክፍያ ላይ ይቆረጥበታል።

ከሲያትል፦ የዌቨሩ ፎርም የወር ገቢና ወጪ ይጠይቃል። ለእናቴ ወደ ጎንደር የምልከውንና የምጥለውን ዕቁብ ልጻፍ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከላይ በጠቀስኩት የፌዴራል መመሪያ መሠረት መክፈሉ ፍትሕና ሕሊና የማይፈቅደው ነው የሚባለው፣ መክፈሉ ለኑሮ አስፈላጊ የሆነውን ነገር የሚያሳጣ ሲሆን፣ ወይም ሰውየው ገንዘቡን አምኖ ሌላ መብቱን የተወ ወይም ኑሮውን የለወጠ ሲሆን፣ ወይም በነገሩ ሁኔታ ማስከፈሉ ግፍ ሲሆን ነው። ፎርሙ የመጀመሪያውን ለመመዘን ነው። ለእናትዎ የሚልኩትን ይጻፉት፣ የሐዋላ ደረሰኝም ያያይዙ፤ ሆኖም መዛኙ እንደ ቤት ኪራይ አስገዳጅ ወጪ አድርጎ ላይቀበለው ስለሚችል ጉዳይዎን በሙሉ በእርሱ ላይ አያንጠልጥሉ። እናትዎ ሌላ ጧሪ የሌላቸው ከሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹት። ዕቁቡ ግን ወጪ ብቻ አይደለም። ዕጣው ገና ካልወጣልዎ የጣሉት ገንዘብ እንደ ቁጠባ ይታያል፤ ወጥቶልዎ ከሆነ የቀረው መዋጮ ዕዳ ነው። ሰብሳቢው የፈረመበት አጭር ወረቀት ይጠቅማል። በባንክ መግለጫዎ ላይ በየወሩ የሚወጣ ገንዘብ ታይቶ በፎርሙ ላይ ካልተገለጸ ከዕቁቡ ይልቅ ዝምታው ይጎዳዎታል።

ከፎልስ ቸርች፦ ይግባኝ ልበል ወይስ ዌቨር ልጠይቅ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ያንብቡት።

ከዲሲ፦ ደብዳቤው የመጣው በእንግሊዝኛ ነበር። እናቴ ማስታወቂያ መስሏት አስቀመጠችው፤ እኔ ሳገኘው 15 ቀኑ አልፎ ነበር። ተስፋ አላት?

መልስ፦ አላት፤ ግን ዛሬውኑ ጻፉ። ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ በቂ ምክንያት ካለው ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ይግባኙ ላይ የዘገየበትን ምክንያት በግልጽ አስፍሩ። በዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከሚሸፍናቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በመላው አገሪቱም የ1964ቱ የሲቪል መብቶች አዋጅ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎታቸውን በሚገባቸው መንገድ እንዲያደርሱ ያስገድዳል። እናትዎ ማመልከቻውን ሲሞሉ ቋንቋቸው አማርኛ እንደሆነ ተመዝግቦ ከነበረ የዚያን ገጽ ቅጂ ያያይዙ፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ለችሎቱ አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይጠይቁ። እባክዎ እርስዎ ራስዎ አያስተርጉሙላቸው። ልጆች በመካከል እየገቡ «እሷ ማለት የፈለገችው» ሲሉ ዳኛው የባለጉዳዩን ቃል ሳይሆን የልጁን አስተያየት መመዝገብ ይጀምራል፤ እናቲቱ ያላሉት ነገርም በመዝገብ ላይ ይቀራል።

ከሂውስተን፦ ይህ ዕዳ ግሪን ካርዴን ወይም ዜግነቴን ያበላሸዋል?

መልስ፦ አንኢምፕሎይመንት መቀበል በራሱ የመንግሥት ሸክም (ፐብሊክ ቻርጅ፣ በመንግሥት ዕርዳታ የሚኖር ሰው) አያሰኝም። «ማጭበርበር» የሚል ቃል በደብዳቤው ላይ ካለ ግን የዜግነት ማመልከቻ ከመሙላትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከላስ ቬጋስ፦ በስሜ ሌላ ሰው አመልክቶ ገንዘብ ወስዷል። ዌቨር ልጠይቅ?

መልስ፦ በፍጹም። ዌቨር መጠየቅ ተቀብያለሁ ማለት ነው። ለስቴቱ የማንነት ስርቆት ብለው ያመልክቱ።

ከሳን ሆዜ፦ የ2021ን ገንዘብ ታክስ ከፍዬበታለሁ። አሁን ስመልሰው ታክሱስ?

መልስ፦ በአንድ ዓመት ውስጥ የመለሱት ከ3,000 ዶላር በላይ ከሆነ በዚያ ዓመት የታክስ ማስታወቂያዎ ላይ ተቀናሽ ወይም ክሬዲት መጠየቅ ይችላሉ። ከዚያ በታች ከሆነ አሁን ባለው ሕግ የሚጠየቅ ነገር የለም። መክፈልዎ የማይቀር ከሆነና አቅሙም ካለዎት በሁለት ዓመት ከፋፍለው ከ3,000 በታች ከማድረግዎ በፊት የታክስ ባለሙያዎን ይጠይቁ።

ከአትላንታ፦ ጋሼ፣ ከባለቤቴ ተመላሽ የተወሰደው ገንዘብ በኋላ ዌቨር ቢፈቀድለት ይመለሳል?

መልስ፦ ለዕዳው ምክንያት የተደረገው ማጭበርበር ካልሆነና ገንዘቡ ከኮቪዱ የፌዴራል ክፍያዎች ከሆነ፣ ምሕረቱ ሲፈቀድ ስቴቱ ቀድሞ የሰበሰበውን እንዲመልስ የፌዴራሉ መመሪያ ያዛል። የመደበኛው አንኢምፕሎይመንት ዕዳ ከሆነ ግን በስቴቱ ሕግ የሚወሰን ነው። መጀመሪያ ሊፈታ የሚገባው ግን ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ምክንያት ነው፤ ገጹን ፎቶ አንሥተው ስምና ቁጥሩን ሸፍነው ይላኩልኝ፤ የተላከበት ቀን ግን ይታይ።